7518 ለ19 ሲካፈል

ባለፈው ሰኔ፣ የ2018 የግድግዳ ካሌንደር ገና ሳይታተም፣ ጎረቤቴ ለልጃቸው የሠርግ ቀን ይፈልጉ ነበር። ቤቴል ሰፈር ጨርቅ የሚሸጡ፣ እኔ እትዬ የምላቸው ሴት ናቸው። የሙሽራው አባት ሙት ዓመት የካቲት 8 ስለሚውል ከዚያ በፊት መደገስ ነውር ነው፤ ዐቢይ ጾም ከገባ ደግሞ ሠርግ የለም። ስለዚህ ጥያቄው አንድ ነበር፤ ጾሙ መቼ ይገባል?

ሙሽሪት ስልኳን አወጣች።

"ተይው፣ እኔ አሰላዋለሁ" አልኳት።

ፊደል የቆጠርኩት ልጆቼን ካሳደግኩ በኋላ፣ በማታ ትምህርት ነው። ከዚያ ወዲህ የሰው ስሕተት አይቼ ማለፍ አልችልም። የበዓላትና የአጽዋማት ማውጫ የሆነውን ባሕረ ሐሳብንም ብቻዬን ከመጽሐፍ ነው የተማርኩት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሚቆጠረው 5500 ዓመት ላይ 2018 ሲደመር 7518 ይሆናል። ቁጥሩ ገና ሳየው ደስ አለኝ። ለሁለት፣ ለሦስት፣ ለሰባት ሲካፈል ምንም አይተርፈውም። ለአራት ሲካፈል ሁለት ይተርፋል፤ ዘመነ ማርቆስ ነው ማለት ነው። ለዐሥራ ዘጠኝ ሲካፈል ግን ዐሥራ ሦስት ይተርፋል፤ አጽዋማቱ የሚወጡት ከዚህ ቀሪ ነው።

"ጾሙ የካቲት 23 ይገባል። እሑድ 15 ይሁንልዎ" አልኳቸው።

"እሰይ፣ የኔ ምሁር! ቄሱን ከመለማመጥ ገላገልሽኝ።"

ዓለም ባንክ ሰፈር አዳራሽ ተያዘ፤ ከሙሽራው ወገን ለመጡት ሽማግሌዎችም ተነገረ።

ነሐሴ ላይ ያንኑ ቁጥር ለራሴ ደስታ እንደገና ስሠራው እጄ ቆመ። ከዐሥራ ሦስቱ ላይ አንዱን መተው ነበረብኝ። የያዝነው ዓመት ገና ስላልተፈጸመ አይቆጠርም። ጀማሪ የማይስተው ነገር ነው። በዐሥራ ሁለት ስሠራው ጾሙ የሚገባው የካቲት 9 ሰኞ ሆነ፤ የሙት ዓመቱ ማግስት። ሠርጉን ጾም መሀል ጥዬዋለሁ።

ሱቃቸው ስደርስ እትዬ አቡጀዴ እየለኩ ነበር። "የሳትኩት አንድ ብቻ ነው" ብዬ ጀመርኩ። ገና ከአፌ ሳይወጣ አፈርኩበት።

"አንድ ብቻ? እኔ አንድ ሜትር ብስት ደንበኛዬ ዝም ይለኛል?" አሉና ጨርቁን አስቀመጡት። "ለሽማግሌዎቹ እኔ አልናገርም። አንቺው ንገሪያቸው።"

ቅዳሜ በእትዬ ሳሎን፣ ሁሉም ተቀምጠው እኔ ቆሜ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ አልኩ። ትልቁ ሽማግሌ "ልጄ፣ ሙሽሮቹን በሽሮ ልትድሪያቸው ነበር?" አሉ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ሙሽሪት ግን አልሳቀችም፤ ጓዳ ገብታ በሩን ዘጋችው።

"እንግዲህ ከፋሲካ በኋላ ነዋ" አሉ ሽማግሌው። "ለመሆኑ ፋሲካ መቼ ነው የሚውለው?"

ዓይኑ ሁሉ እኔ ላይ ሆነ። ሚያዝያ 4 ነው። ከአንዴም ሦስቴ ሠርቼ አረጋግጫለሁ።

"ቄሱን ብትጠይቁ ይሻላል" አልኩ።