«ጤዛ ነው» ያሉኝ ሰዎች

ሰሊጥ የሚታጨደው ማለዳ ነው። ፀሐይ ከበረታች ፍሬውን የያዘው ሽፋን ይደርቅና ገና ማጭድ ሲነካው ይከፈታል፤ ፍሬው መሬት ላይ ይፈስሳል፤ ባለእርሻውም ይጮኻል። ስለዚህ ጤዛው ሳይደርቅ ገብቶ የተቻለውን ያህል ማጨድ ነው። ከመተማ ወደ ሱዳን ተሻግሬ በፋሽጋና በቁረይሻ እርሻዎች ላይ ይህን ሥራ ስሠራ ስምንት ዓመት ሆኖኛል። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ መሪ ነበርሁ። መሪ ማለት ከመስመሩ ፊት ሆኖ የሚያጭድ፣ ሌላው ሰው ሁሉ በእሱ ፍጥነት የሚሄድ ሰው ነው። ይህን የምናገረው ለመመጻደቅ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለመመጻደቅም ነው።

እጄን የጀመረኝ በስድስተኛው ዓመት አጨዳ ላይ ነው። አንድ ማለዳ ማጭዴን ላነሳ ስል ጣቶቼ አልታጠፍ አሉኝ። አንጓዎቹ አብጠዋል፤ ይሞቃሉ፤ እጀታው መዳፌ ውስጥ ይሽከረከራል። እሳት ላይ አሞቅኋቸው፤ የሰሊጥ ዘይት ቀባኋቸው። ረፋዱ ላይ እየተፈቱ መጡ። በማግስቱም እንደዚያው ሆነ፤ በሦስተኛውም ቀን። በመጨረሻ ሻይ ስንጠጣ፣ «እጄን ይህ ጤዛ ያዘኝ መሰለኝ» አልሁ፤ እንደ ቀልድ አድርጌ።

አጠገቤ የተቀመጠው መጀመሪያ ድንበር ስሻገር አብሮኝ የተሻገረው ጓደኛዬ ነበር። በየዓመቱ አንድ ዳስ ውስጥ ጎን ለጎን ነው የምንተኛ። «ኧረ የኔም ተይዟል ወንድምዓለም፤ ጤዛ ነው» አለና እጁን ቀስ ብሎ ጨብጦ ቀስ ብሎ ዘረጋው። ሌላውም፣ «የኔስ ይብሳል» አለ። ሱዳኖቹም መገጣጠሚያ ሲያማቸው «ሩጡባ» ነው የሚሉት፤ እርጥበት ማለት ነው። አገር ሁሉ ከተስማማ እኔ ምን ቤት ነኝ?

ሁለት አጨዳ በዚሁ አለፈ። ከሁሉ ቀድሜ እየተነሳሁ ለሻይ የተጣደውን ውኃ ቀንሼ እጄን እነክርበት ነበር። የማጭዴን እጀታ ጨርቅ ጠምጥሜ አወፈርሁት። በየካምፑ ቦርሳ አንጠልጥሎ የሚዞር መርፌ ወጊ ነበር፤ ሐኪም ይሁን አይሁን የጠየቀው የለም። አንዴ ሲወጋኝ ለሳምንት ያህል የሃያ ዓመት ልጅ እሆናለሁ፤ ከዚያ ሕመሙ ካቆመበት ብሶ ይመለሳል። እኔም ሰውየውን ፈልጌ እመለሳለሁ።

ባለቤቴ በሾዋክ አቅራቢያ በስደተኞች ካምፕ ያደገች ናት፤ ዐረብኛውን ከሱዳኖቹ እኩል ትናገራለች። ቤታችን ገዳሪፍ ከተማ ነው። ሁለተኛው አጨዳ አልቆ ወራት አልፈዋል፤ በጋው መሬቱን ሰነጣጥቆታል፤ እኔ ግን ጠዋት ጠዋት የሸሚዜን ቁልፍ መቆለፍ አቅቶኛል። «ጤዛው ገዳሪፍም ገባ እንዴ?» ብላ ቀለደችብኝ። ተቆጣሁ፤ የምቆጣው ደግሞ መልስ ሳጣ ነው። በሌላ ቀን የጀሪካን ክዳን አልከፈት ብሎኝ ስታገል መጣችና ከእጄ ወስዳ ከፈተችው። እሱ ከቀልዱ ይልቅ አመመኝ። በዚያው ሳምንት እየጎተተች ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ።

ሐኪሟ ከካርቱም ጦርነቱን ሸሽታ የመጣች፣ ጠና ያለች ሴት ነበረች። ጦርነቱ ባይኖር ኖሮ እንዲህ ያለች ሐኪም እኔን የመሰለ አጫጅ እጅ ጨብጣ አትቀመጥም ነበር። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል፤ እሷ ቤቷን አጥታ ነው እኔ የታከምሁት። የሁለቱንም እጆቼን አንጓ አንድ በአንድ ተጫነች፤ የእግሬንም ጣቶች እንደዚሁ። ከዚያ ጠየቀችኝ፤ ባለቤቴ አስተረጎመችልኝ። «ጠዋት ስትነሳ እጅህ እስኪፈታ ምን ያህል ይቆያል?»

«ጤዛው እስኪደርቅ» አልሁ።

ባለቤቴ ከመተርጎሟ በፊት ዞራ አየችኝ። «እዚህ ቤት ውስጥ ምን ጤዛ አለ?»

«አንቺ ተርጉሚ ብቻ። ሁላችንም እንዲሁ ነን በያት። አጫጅ ሁሉ እንዲሁ ነው።»

ሐኪሟ ሰምታ፣ «በበጋም? ቤታቸው ተቀምጠውም? ጠይቀሃቸዋል?» አለች። ራሳቸው ነግረውኛል አልኋት። አንገቷን ነቀነቀችና የደም ምርመራና ራጅ ጻፈች።

ውጤቱ ሲመጣ የመገጣጠሚያ ብግነት ነው አለች፤ ሰውነት የራሱን መገጣጠሚያ እንደ ጠላት ቆጥሮ የሚዋጋበት በሽታ። «ገና መጀመሪያው ላይ ነህ» ስትል ደስ አለኝ። ቀጥላ ግን፣ «የመጀመሪያው መጀመሪያ አልፎሃል» አለችኝ። በራጁ ላይ የቀኝ እጄን የቀለበት ጣት አሳየችን፤ አጥንቱ ጥግ ጥጉ ተበልቷል። ሲጀምረኝ መጥቼ ቢሆን ይቺም ጣት ምናልባት ትድን ነበር። አሁን የሚደረገው የቀሩትን መጠበቅ ነው።

መድኃኒቱ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚዋጥ ነው። በየቀኑ ከዋጥኸው ሊገድልህ ይችላል ስትል ባለቤቴ ቀኑን ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ፤ እሑድ፣ እሑድ፣ እሑድ። ሌላም ለደም የሚሆን ክኒን ተጨመረ። መጠጥ ተከለከለ። ጉበቴን ለማየት በየጊዜው ደም እሰጣለሁ። መርፌ ወጊውን ዳግም እንዳላየው ሐኪሟ አስማለችኝ ማለት ይቻላል። ጠዋት እጄን ለብ ባለ ውኃ አድርጌ ቀስ እያልሁ መጨበጥና መዘርጋት፣ ሲያብጥ ማሳረፍ፣ ሳያብጥ ደግሞ አለማስነፍ። «ይህ ክኒን ሕመም ማስታገሻ አይደለም፤ ሁለት ሦስት ወር ታገሠው» አለች።

አልታገሥሁም። ስድስት ሳምንት ሙሉ ክኒኑን ስሰድበው ከረምሁ። መንገድ ተዘግቶ ከገዳሪፍ ፋርማሲዎች ሲጠፋ ባለቤቴ ከሾዋክም ከከሰላ ከተማም እያስፈለገች ታመጣዋለች፤ እኔ የማይሠራ ነገር ታሳድጃለሽ እላታለሁ። ከዚያ አንድ ጠዋት ሸሚዜን ለብሼ ግቢ ከወጣሁ በኋላ ቁልፎቹን ራሴ እንደቆለፍኋቸው ታወቀኝ። ተመልሼ ገብቼ አሳየኋት። ፈትቼ ደግሜ ቆለፍኋቸው። ሁለታችንም አለቀስን።

አጨዳው ሲቃረብ ሐኪሟን ማጨድ እችል እንደሆነ ጠየቅኋት። «እጅህ ባላበጠበት ቀን፣ ከረፋድ በኋላ» አለችኝ። ሰሊጥ ከረፋድ በኋላ እንደማይታጨድ ስነግራት፣ «እንግዲያው ሌላ ሥራ ያዝ። ማለዳ ማጭድ ጨብጠህ ከታገልህ የቀሩትንም ጣቶች ታጣቸዋለህ» አለችኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ። በሳምንቱ ቁረይሻ ነበርሁ። መሪ ሆኖ ለኖረ ሰው ከመስመሩ ፊት ሌላ ሰው ቆሞ ማየት ምን እንደሚመስል ለሐኪም በምን አፍ ይነገራል?

በደረስሁበት ቀን ፀሐይ ሳትጠልቅ ዳሱ ፊት ለፊት ተቀምጠን ማጭድ እንስላለን። የሐኪሟ ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣልኝ ብሎ ነበር። «ለመሆኑ» አልኋቸው፣ «በበጋ ቤታችሁ ስትሆኑ ጠዋት እጃችሁ እስኪፈታ ምን ያህል ይቆይባችኋል?»

አንዱ ውኃ ላምጣ ብሎ ተነሳ። ሌላው ጫማውን ይመለከታል። ጓደኛዬ ብቻ ቀና ሳይል ማጭዱን እየሳለ፣ «የኛ እጅ አይያዝም» አለ።

«ምን አልህ?»

«የኛ እጅ ተይዞ አያውቅም። ቤትም፣ እዚህም።»

«ታዲያ ጤዛው?»

ያን ጊዜ ማጭዱን አስቀመጠው። «ምን ልበልህ ወንድምዓለም? መሪያችን ነህ። እጅህ ከማጭዱ ጋር ሲታገል ሁላችንም እናያለን። አንተ እንዳትሸማቀቅ ብለን የኛም ነው አልን። አምና እንኳ አንተን ላለማለፍ ቀስ እያልን ነበር የምናጭድ። አልታወቀህም?»

አልታወቀኝም ነበር። መስመሩ ሁሉ ከኋላዬ ሲመጣ አምና እንደ ድሮው እየመራሁ መስሎኝ ነበር። የቀለበት ጣቴን ፊቱ ላይ ደቅኜ፣ «ይቺን ታያታለህ? በእናንተ ደግነት ነው የሄደች!» ብዬ ጮኽሁበት። ሌላም ብዙ ተናገርሁ፤ እዚህ የማይጻፍ። ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ሲያለቅስ ስሰማ የደቀንሁትን እጄን መለስሁ።

ለብዙ ቀን ጠላሁት። ይሉኝታ የሚሉት ነገር እንዲህ ጣት እንደሚበላ አላውቅም ነበር። ግን እውነቱን ለመናገር እጁ የተያዘው እሱ፣ ደህና የሆንሁት እኔ ብሆን ኖሮ እኔም ጤዛ ነው እለው ነበር። ፈገግ ብዬ፣ እጄንም ቀስ ብዬ ጨብጬ። ደግሞም እውነቱን ቢነግሩኝስ እሰማቸው ነበር ወይ? የሸሚዝ ቁልፍ ሲነሳ እንኳ የምጮኽ ሰው ነኝ።

ያን ቀን ግን ከመነሳታችን በፊት፣ «ከእንግዲህ ወደ ኋላ ስቀር ያየ ሰው ይንገረኝ» አልኋቸው። በማግስቱ ማለዳ አሁንም ግትር ብዬ ፊት ቆምሁ። ሁለት ቀን ደህና ሄደ። በሦስተኛው ቀን እጄ አብጦ አደረ፤ ለማንም ሳልናገር ገባሁ። ጥቂት እንዳጨድሁ ጓደኛዬ ከጎኔ አለፈኝ። ከዚያ ሌላው አለፈኝ። ሦስተኛው ዓይኑን ሰብሮ አለፈኝ።

«ወደ ኋላ ቀርተሃል!» አለ ጓደኛዬ ጮክ ብሎ፣ መስመሩ ሁሉ እየሰማ። «ውጣ! ነዶውን ከሰዓት ትከምራለህ። አሁን ውጣ!»

በስድስት ዓመት መሪነቴ ማንም እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። ፊቴ ጋለ። እሱ ሥራውን ትቶ ወደ እኔ መጣና እጁን ዘረጋ። ጣቶቼ እጀታው ላይ ደርቀው ስለነበር አንድ በአንድ፣ እየተጠነቀቀ፣ እሱ ራሱ አላቅቆ ማጭዱን ወሰደ።

«ያምሃል?» አለኝ።

«ያመኛል» አልሁት። በዚያ ማሳ ላይ ይህን ቃል ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር።