የሲሚንቶ ወረቀቱ መስመሮች

መቼ እንደሆነ ልክ አላስታውስም። ባለቤቴ ካረፈች በኋላ ነው፤ ሁለተኛው ክረምት ይሁን ሦስተኛው ይምታታብኛል። ቡታጅራ ላይ ዝናቡ ጠንክሮ ከቤት መውጣት ያስቸግር የነበረበት ሰሞን መሆኑን ግን አውቃለሁ።

ፎቶ የላትም። መታወቂያዋ ላይ የነበረችውም ትንሽ ፎቶ ውሃ ገብቶባት ጠፍታለች። አንድ ቀን ፊቷን ላስብ ብል እምቢ አለኝ። ድምጿ ይመጣል፣ ፊቷ አይመጣም። ደነገጥኩ። እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ ለማን ይነገራል?

ጎረቤት ቤት እያሠራ ስለነበር ባዶ የሲሚንቶ ከረጢቶች ለመንኩት። ወረቀቶቹን አራግፌ ግድግዳው ላይ በሚስማር መታኋቸውና ከሰል አነሳሁ። ትምህርቴ ከሦስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ስዕል የሚባል ነገር ማንም አላስተማረኝም። እኛ ሙስሊሞች ደግሞ ነፍስ ያለውን ነገር መሳል አንወድም። እጄ ግን ዝም ብሎ ማስመር ጀመረ፤ ከላይ ወደ ታች፣ ከላይ ወደ ታች። ቆይቶ ነው የገባኝ። እሷ እንሰት ስትፍቅ ነበር የምስለው።

በእኛ አገር እንሰት መፋቅ የሴት ሥራ ነው። ሴቶቹ ተሰብስበው ሲፍቁ ወንድ አጠገባቸው አይደርስም፣ ነውር ነው። እኔም አርባ ዓመት ያየኋት ከደጃፌ ሆኜ በቅጠሉ መሃል ነው። የሚፋቅበት ጣውላ አዘንብሎ ቆሞ፣ እሷ መሬት ተቀምጣ፣ አንድ እግሯን ሰቅላ የእንሰቱን ልጥ በተረከዟ ጣውላው ላይ ይዛ፣ የቀርከሃ መፋቂያዋን ወደ ታች ስትስብ። ከሰሉ ሲያልቅብኝ የድስት ጥላሸት በውሃ በጠበጥኩ፤ ቀላ ያለ ሲያስፈልገኝ የጓሮዬን አፈር። ብሩሽ ስለሌለኝ ቃጫ ጠቅልዬ አሰርኩ። መስመሮቹ ሁሉ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላሉ። ላቃናቸው ስሞክር ውሸት ይሆኑብኛል፤ ተውኳቸው።

አንድ የመስጊድ ጓደኛዬ አይቶ ካርታ መሰለውና፣ ማዘጋጃ ቤት ጓሯችንን ሊቆርስ ነው እንዴ ብሎ ቀለደብኝ።

ልጄ ግን አልሳቀም። መርካቶ ይነግዳል፤ ለአረፋ መጣ። ግድግዳው በሙሉ መስመር ብቻ ሆኖ ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። አእምሮዬን የሳትኩ ነው የመሰለው። ቁጭ ብሎ በእርጋታ ነገረኝ፤ ከበዓሉ ማግስት አዲስ አበባ ይወስደኛል፣ ሐኪም ያየኛል፣ ከዚያ በኋላ እሱ ጋ እኖራለሁ፣ ይህ ቤት ይዘጋል። ተነስቶም ወረቀቶቹን አንድ በአንድ እየነቀለ መጠቅለል ጀመረ፤ ሊያቃጥላቸው ነው። ምን ብዬ ላስረዳው? ሰው ሲያብድ እንዲህ ሳያውቀው ይሆን የሚያብደው እያልኩ ራሴንም ተጠራጠርኩ።

በዚህ መሃል ከአጥራችን ወዲያ ያለችው ጎረቤታችን የበዓል ክትፎ በሸክላ ጣባ ይዛ ገባች። እሷና ባለቤቴ ከሙሽርነታቸው ጀምሮ አብረው የፋቁ ናቸው። አሰላሙ አለይኩም ብላ ቀና ስትል ያልተነቀለውን ትልቁን ወረቀት አየች። ጣባውን መሬት አስቀመጠች። ወረቀቱ አጠገብ ቀረበች። ከዚያ ግራ እጇን አንስታ ከመስመሮቹ ፊት አየሩን ወደ ታች ሳበችው።

«ይቺ እሷ ናት» አለች።

«ማን?» አላት ልጄ።

«እናትህ ናታ፣ አንተ የመርካቶ ሰው። እኛ ሁላችን በቀኝ ስንፍቅ እሷ ብቻ በግራዋ ነበር። እንዳንጋጭ ብላ ጣውላዋን ዳር ላይ ነበር የምታቆመው። መስመሩ ሁሉ ወደ ግራዋ ሲያዘነብል አታይም?»

እኔ አላውቅም ነበር። ቤት ውስጥ ስታጎርሰኝም፣ ውሃ ስታቀብለኝም በቀኟ ነው፤ ግራ ነውር ነው ተብላ ነው ያደገችው። ይህን ያህል ዘመን አብሬያት ኖሬ ግራኝ መሆኗን አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኋት። እጄ ግን ዓይኔ ከደጃፍ ያየውን ይዞት ኖሯል።

ልጄ የጠቀለለውን ቀስ ብሎ ዘረጋ። ጣቱን መስመሩ ላይ አሳርፎ ወደ ታች ወሰደው፣ ደገመው። «አባ፣ ይሄኛው የት ነበር?» አለኝ። ቦታውን አሳየሁት። ሚስማሩን ራሱ መታው።

ከበዓሉ በኋላ ብቻውን ተመለሰ። እኔ እዚሁ ቤቴ አለሁ፤ ዛሬም አስምራለሁ። ያንን ጊዜ ያሻገረችኝ ያቺ ከባለቤቴ ጋር ትፍቅ የነበረችው ጎረቤታችን ናት።