በለቅሶው ድንኳን የተጠየቀው ላፕቶፕ

ባለቤቴን በቀበርን ሰሞን፣ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠን ሳለ፣ ከሥራ ባልደረቦቹ አንዱ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገና «ቲቸር፣ ላፕቶፑ እዚህ ቤት ነው?» አለኝ።

ከኋላችን የተቀመጡት የእድራችን ሰብሳቢ ሰሙት።

«አንተ! አፈሩ ሳይደርቅ ስለ ዕቃ ይጠየቃል?»

አንገቱን ደፋ። ትንሽ ቆይቶ ስልኩን ይዞ ወጣ፤ ጓሮ እንሰቱ መሃል ቆሞ በከምባትኛ ሲያወራ ሰማሁት። እሱ የዶዮገና ሰው ነው፤ እኔ ሐዲያ ነኝ። ከምባትኛ ግማሹ ይገባኛል። ለጥርጣሬ ደግሞ ግማሽ ይበቃል። እንግዳው ሳሳ ሲል ላፕቶፑን ከጠረጴዛው አንስቼ ልብሱ ያለበት ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት።

ባለቤቴ በአንድ የገበሬዎች ዩኒየን የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ነበር። ሞርሲቶ፣ ሙዱላና ዶዮገና ያሉት ቅርንጫፎች የሚሠሩት ሆሳዕና ካለው ዋናው ኮምፒውተር፣ ሰርቨር ከሚሉት፣ ጋር እየተገናኙ ነው። የግንኙነቱን መስመር ሌላ ሰው እንዳያየው በምስጢር ቁልፍ የዘጋው እሱ ነው።

ለቅሶው እንዳበቃ ሰርቨሩ መቆም ጀመረ። ሲሠራ ቆይቶ በድንገት ይፈዛል፤ አጥፍተው ያበሩታል፤ መልሶ ይፈዛል። ገበሬው እህሉን ጭኖ መጥቶ «ሲስተም የለም» ተብሎ ይመለሳል። ወሬው ተከተለ። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አንዲት ሴት አቅፋ እያጽናናችኝ፣ «አንድ ነገር ቀብሮበት ነው የሄደው የሚሉት እውነት ነው እንዴ?» አለችኝ። ለካ ሥራ አስኪያጁ በሠራተኛ ስብሰባ ላይ፣ «ሟቹ ያለ እሱ እንዳይሠራ አድርጎ አስሮት ነው» ብለዋል። ባለቤቴ ለእኔ የተወልኝ ስሙን ነበር። እሱንም ሊወስዱብኝ ነው።

እኔ የጠረጠርኩት የዶዮገናውን ሰው ነው። ቦታውን የያዘው እሱ ነው፤ ሥራው ሲያቅተው በሞተ ሰው ማሳበብ ይቀልለዋል። ላፕቶፑን የፈለገው ማስረጃ ሊያስገባበት ይሆናል አልኩ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በሬን አንኳኳ።

«ቲቸር፣ ስጡኝ አልልም። እዚሁ ፊትዎ ልክፈተው።»

አወጣሁለት። ፓስወርዱን ባለቤቴ ሆስፒታል ተኝቶ ለእኔ ብቻ ነው የነገረኝ።

«ዞር በል» አልኩት።

«ፈተና ላይ ነኝ እንዴ?» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ግድግዳው ላይ የባለቤቴ ፎቶግራፍ አለ። እየጻፍኩ በጎን አየሁት፤ ፎቶውን ቀና ብሎ ማየት ይችል እንደሆነ ላውቅ ፈልጌ ነበር። አየው።

ከዚያ ተቀምጦ አስረዳኝ። ምስጢር የሚቆልፈውን ፕሮግራም ባለቤቴ አልጻፈውም፤ ዓለም ሁሉ ወስዶ የሚጠቀምበት ነው። አንድ ኮምፒውተር ከሌላው ጋር ሲገናኝ መታወቂያ ያሳያል። መታወቂያው ውስጥ ሒሳብ አለ፤ ሰርቨሩ ሊያጣራው ያሰላዋል።

«ሆን ብሎ መልስ የሌለው ሒሳብ ያስገባበት ሰው ቢኖር፣ ሰርቨሩ ማስላቱን አያቆምም። ሌላ ሥራ መሥራት አይችልም።»

«ሐሰተኛ መሆኑን አያውቅም?»

«ሐሰተኛ መሆኑን ለማወቅ እኮ መጀመሪያ ማስላት አለበት።»

«ተሰርቀናል ማለት ነው?»

«አይ፣ ማንም አልገባም። በር ላይ ሆኖ ሥራ ማስተጓጎል ብቻ ነው።»

«ማን ላከው?»

«አይታወቅም። የየአገሩን ሰርቨር እየዞሩ የሚያንኳኩ አሉ።»

አይታወቅም የሚል መልስ አልወድም። የፕሮግራሙ ሠሪዎች ስለዚህ ስህተት ማስጠንቀቂያ ማውጣታቸውን ሲነግረኝ፣ ራሴ ላንብበው አልኩ። እንግሊዝኛው ከባድ ነው። መዝገበ ቃላት ይዤ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ሄድኩበት፤ ያቀረብኩለት ሻይ ቀዘቀዘ። የሚለው እሱ የነገረኝን ያንኑ ነበር። የወጣበትን ቀን አየሁ። ስህተቱ የታወቀው ባለቤቴ አፈር ከለበሰ በኋላ ነው።

«ድንኳን ውስጥ ስልኬ ላይ የደረሰኝ ይሄ ነው» አለ። «ማስተካከያውን ለመጫን ሰርቨሩ የሚከፈትበት ቁልፍ ያለው እዚህ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ነው። ልነግርዎ ስል ጋሼ ተቆጡ። ከዚያ በኋላ በምን ዓይኔ ልምጣ?»

«ለሥራ አስኪያጁስ?»

«ነግሬአቸዋለሁ። ‹መጀመሪያ ላፕቶፑን አምጣ› አሉኝ።»

እኛ ዘንድ ለቅሶ የተቀመጠ ሰው ስለ ሟች ዕቃ አያነሣም። ቢሮው በሙሉ እኔ ጓሮ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ተነሥቶ ወደ ሥራው የሄደ ሰው ቢኖር እኔም ለዘለዓለም ቂም ይዤበት እኖር ነበር።

እዚያው ጠረጴዛዬ ላይ ማስተካከያውን ጫነው። ሰርቨሩ ከዚያ ወዲህ አልፈዘዘም። ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ስደውል፣ «ችግሩ ተፈትቷል፤ ያለፈውን አንቆፍር» አሉኝ። ቆፋሪው እኔ ሆንኩ ማለት ነው።

እሳቸውም የእድራችን አባል ናቸው። እሁድ ስብሰባው ላይ የዶዮገናው ሰው ተነሥቶ እንዲናገር ለመንኩት። መታወቂያ፣ ሒሳብ ሲል ሰው ማዛጋት ጀመረ። ሰብሳቢው አቋረጡት።

«ሒሳቡን ለተማሪ ንገር። ያበላሸው ሟቹ ነው ወይስ አይደለም?»

«አይደለም ጋሼ።»

«ሥራ አስኪያጅ፣ ሰሙ?»

«ሰምቻለሁ» አሉ፣ ሳይነሡ።

«መስማትማ እኛም ሰማን! የተናገሩት እርስዎ ነዎት፤ ተነሥተው ይናገሩ እንጂ።»

ሰው ሳቀ። ሥራ አስኪያጁ ተነሡ። «ወንድማችን ምንም ጥፋት የለበትም» አሉ። ቃሉ ትክክል ነው። ሲናገሩ ግን እጃቸው ላይ ያለውን ስልክ ነበር የሚያዩት፤ ከፊቴ የተቀመጡት ሴቶችም ገና እየሳቁ ነበር።

ነጠላዬን ሰብስቤ ተነሣሁ።

«አልሰማሁም» አልኩ። «ይድገሙልኝ።»

ስልኩን ኪሳቸው ከተቱና ደገሙት።