የኦቦ ምልኬሳ እንግሊዛዊ

ኦቦ ምልኬሳ ወንጂ ስኳር ፋብሪካ የአገዳ ሚዛን ላይ ሠላሳ ዓመት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ አሁን አዳማ የሚኖሩ ሰው ናቸው። ሰፈሩ የሚያውቃቸው ግን ብቻቸውን በመሳቅ ነው። በረንዳቸው ላይ ቁጭ ብለው፣ ሽፋኑ የተገነጠለ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ገልጠው፣ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ይስቃሉ። ጎረቤት መጀመሪያ “ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ነው” እያለ አዘነላቸው፤ ኋላ ለመደው። እኔን ከጠየቃችሁ ግን ብቻውን ከሚያለቅስ ይልቅ ብቻውን የሚስቅ ሰው አንጀት ይበላል።

መጽሐፉን የሰጣቸው ከአርባ ዓመት በፊት ወደ አገሩ የተመለሰ አንድ የፋብሪካው መሐንዲስ ነው። የጻፈውን እንግሊዛዊ በገዛ አገሩ እንኳ ስሙን የሚያነሳ የለም። ኦቦ ምልኬሳ ይህ ነገር ያንገበግባቸዋል። ሰውየው ማንንም ሳይሳደብ፣ ማንንም ሳያዋርድ ያስቃላ! ጨዋ ሰው የገዛ ጨዋነቱ ጉድ ሲሠራው ነው የሚያሳየው። ስለዚህ በስተርጅና መነጽራቸውን ሰክተው በስድስት ደብተር ወደ አማርኛ መለሱት። ሳይሞቱ አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ አብሯቸው እንዲስቅ ነበር ምኞታቸው።

የመጽሐፉ ባለታሪክ ሚስተር ሃድል ይሉኝታ ጠፍሮ ያሰረው የፖስታ ቤት ሠራተኛ ነው። ኦቦ ምልኬሳ አብዝተው የሚወዱት ምዕራፍ ላይ ሃድል ዝናብ ሽሽት አንድ ቤተ ክርስቲያን ይገባል። ለካ የማያውቀው ሰው ቀብር ላይ ነው የገባው። ዘመድ መስሏቸው ከፊት ሲያስቀምጡት “አይደለሁም” ማለት ያቅተዋል፤ ጭራሽ ተነስቶ ሟቹን ግማሽ ሰዓት ያወድሳል።

አንድ እሑድ የእድሩ ስብሰባ ሲያበቃ ይህንኑ ምዕራፍ ለጎረቤቶቻቸው አነበቡላቸው። እንባቸው እስኪፈስ እየሳቁ ጨርሰው ቀና ሲሉ፣ አብሯቸው የሳቀ የለም። በመጨረሻ የጎን ጎረቤታቸው እትዬ አሳየች፣ “ታዲያ ምኑ ነው የሚያስቀው? የማያውቀውን ሰው ቀበረ፤ ይጸድቃል እንጂ” አሉ። የእድሩ ዳኛ አቶ ዲበኩሉም እንዲህ ያለ አባል ቢኖረን ብለው ተመኙ። ኦቦ ምልኬሳ የእንግሊዝ አገር ሰው ሳይጠራ ለቅሶ እንደማይሄድ ሊያስረዱ ሞከሩ፤ ቀልድ ደግሞ ማብራሪያ ሲጨመርበት እንደ አደረ ሽሮ ነው። ከፋቸው። የጻፈው ሰውዬ ራሱ ሲሞት አራት ሰው ብቻ እንደቀበረው በንዴት ተናግረው ቤታቸው ገቡ። ደብተሮቹንም ሳጥን ውስጥ ቆለፉባቸው። ሁለተኛ ላያነቡ ማሉ።

እድርተኛው ግን ደነገጠ። አራት ሰው! ለካ እኚህ ሽማግሌ ይህን ሁሉ ዘመን ሐዘናቸውን ብቻቸውን ይዘው ኖረዋል፤ ያ ሳቅም የጤና አልነበረም ተባለ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፤ በሚቀጥለው እሑድ የእድሩ አግዳሚ ወንበሮች በረንዳቸው ላይ ተደረደሩ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ እትዬ አሳየች ንፍሮ ይዘው ገቡ።

“ኦቦ፣ ዘግይተን ነው የሰማነው” አሉ አቶ ዲበኩሉ። “ሰው ሞቶ ለቅሶው ሳይደረስ አይቀርም። እግዜር ያጽናዎት።”

ኦቦ ምልኬሳ ሰውየው ከሞተ ስልሳ ዓመት እንዳለፈው፣ በዓይናቸውም አይተውት እንደማያውቁ ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ። ያን ሁሉ ሰው አዩና ይሉኝታ ያዛቸው። “አሜን” ብለው ተቀመጡ።

ጥቂት ቆይቶ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጠው ጀመር። አንድ የማይታወቅ ሰው ጃኬቱን ራሱ ላይ አድርጎ በበሩ ሮጦ ገባ። ፋሩቅ ይባላል፤ ከደራ ሽንኩርት ይዞ የመጣ ነጋዴ ነው። የተቀመጠውን ሕዝብ ሲያይ ጃኬቱን አወረደና “አላህ ያጽናችሁ” ብሎ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ወዲያው እጁ ላይ ንፍሮ ዘገኑለት።

“ወንድም፣ ከሩቅ ነው የመጡት? ሟቹን ያውቋቸው ኖሯል?” አሉት አቶ ዲበኩሉ።

ፋሩቅ ዝናቡን አየ፤ መዳፉ ላይ ያለውን ንፍሮም አየ። “እንዴታ፣ ከደራ ነው የመጣሁት” አለ። “ደግ ሰው ነበሩ። ገበያ በመጡ ቁጥር እኔን ሳይጠይቁ አይመለሱም ነበር።”

የእትዬ አሳየች ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ፊታቸውን በነጠላ ሸፈኑ። አጠገባቸው ያሉት ሴቶች ያለቀሱ መስሏቸው አብረው ከንፈር መጠጡ። ከነጠላው ስር የወጣው ድምፅ ግን ለቅሶ አልነበረም።

“ሚስተር ሃድል መጣ!” አሉ፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ።

ከዚያ በኋላ ማን ይያዘው! ሳቁ ከወንበር ወንበር እየተላለፈ አቶ ዲበኩሉ ዘንድ ደረሰ፤ እሳቸውም ኮስተር ለማለት ታግለው ተሸነፉ። ፋሩቅ ግራ ገብቶት ንፍሮውን እንደጨበጠ ቀረ። ኦቦ ምልኬሳ ብቻ አልሳቁም። አርባ ዓመት የጠበቁት ሳቅ በረንዳቸው ላይ ሲፈነዳ በደስታ እንደ ልጅ አለቀሱ።

እትዬ አሳየች ያን የቀብሩን ደብተር ከመጀመሪያው እንዲያነቡላቸው ጠየቋቸው። ኦቦ ምልኬሳ ሳጥኑን ከፍተው አመጡት። ሃድል ሟቹን ሊያወድስ የሚነሳበት ገጽ ላይ ሲደርሱ እንደ ልማዳቸው ሳቅ አላስኬድ አላቸው። እትዬ አሳየች ደብተሩን ከእጃቸው ወስደው ማንበቡን ቀጠሉ።