መሰላሉን የያዝኩት እኔ ነኝ

እስካለፈው እሑድ ድረስ ይህን ነገር ለማንም ተንፍሼ አላውቅም። ለባሌ አልነገርኩም። የንስሐ አባቴ ፊት ቀርቤ እንኳ ትንንሹን ኃጢአቴን ዘርዝሬ፣ ይህንን ውጬ ተመልሻለሁ። ዛሬ ለእናንተ እናገራለሁ። አትዘኑልኝ፤ ብቻ እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

ሚዛን ተፈሪ የመጨረሻ ዓመት የሕግ ተማሪ ነበርኩ። ከግቢ ውጭ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ስኖር ጎረቤቴ አዴ ዘሐራ ነበሩ፤ ከጅማ በኩል የመጡ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ሳምቡሳ ጠብሰው እየሸጡ ሁለት ልጆች የሚያሳድጉ። አዴ የምንላቸው እንደ አገራቸው ወግ ነው። ጣሪያቸው እንደ ወንፊት ያፈስ ነበር፤ የእኛን አገር ዝናብ ደግሞ ታውቁታላችሁ። አከራያችን ጋሽ ተካ፣ «ቆርቆሮውን ራስሽ አስቀይሪ፤ ሁለት ዓመት ማንም ውጪ አይልሽም» አሏቸው። ይህን ሲሉ ሌላ የሰማ ባይኖርም እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። አናጢው ጣሪያው ላይ ሲወጣ መሰላሉን የያዝኩት እኔ ነኝ። ሰምቻለሁ። ጥርት አድርጌ ሰምቻለሁ።

ቆርቆሮው በተመታ በሁለት ወሩ አንድ የቡና ነጋዴ ቤቱን ለመጋዘን ፈለገው። ጋሽ ተካ ቃላቸውን አጠፉ። ይውጡልኝ ብለው አዴ ዘሐራን ከሰሱ።

አዴ ዘሐራ፣ ተማሪዎች በነፃ የሕግ ምክር ወደምንሰጥበት ቢሮ መጡ። ተረኛዋ እኔ ነበርኩ። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ። «አልሐምዱሊላህ፣ አንቺ ነሽ እንዴ! በቃ ተገላገልኩ። ሰምተሽ የለ፣ ልጄ? ትመሰክሪልኛለሽ።»

ምን ነበር ማድረግ የነበረብኝ? ረዳትም ምስክርም እንዳልሆን መዝገቡን ለጓደኛዬ አስረክቤ «አዎ፣ ምስክር ነኝ» ማለት ነበር። ይኸው ነው፣ ሌላ ምንም የለውም። እኔ ግን ክፍሌን አሰብኩ። የመውጫ ፈተናው ደርሷል፤ ጋሽ ተካ ፍራሼንና መጽሐፎቼን ደጅ ሲጥሉት ታየኝ። ፈራሁ። መፍራቱስ ባልከፋ፣ የማይፈራ ማን አለ? እኔ ግን ፍርሃቴን በሕግ ስም ሸፈንኩት። «አዴ፣ የምንረዳ ተማሪዎች መመስከር አንችልም። ሕጉ ይከለክላል» አልኳቸው። ከዚያም የጉዳያቸው ቅጽ ላይ፣ ምስክር ከሚለው ፊት ለፊት፣ በገዛ እጄ «የለም» ብዬ ጻፍኩ።

ሕጉ አልከለከለኝም። የከለከልኩት እኔ ነኝ።

«ሕጉ ካለ ምን ይደረጋል» አሉና አመሰገኑኝ። እኔን! ያለ ምስክር ተከራክረው ተረቱ፤ ልጆቻቸውን ይዘው፣ ዕቃቸው በዝናብ እየራሰ፣ ወደ ቴፒ ሄዱ። ቆርቆሮው ቀረ። እኔም ቀረሁ። ዝናብ በዘነበ ቁጥር ያ አዲስ ቆርቆሮ ሲንጫጫ እየሰማሁ አጠናሁ፣ ፈተናውንም አለፍኩ። ይህንን ማለፍ ይሉታል?

ዛሬ ጠበቃ ነኝ፤ በጎ ፈቃደኛ የሕግ ተማሪዎችንም አግዛለሁ። በቅርቡ አንዷ ተማሪ እየተርበተበተች መጣች። ከባለጉዳይዋ ጋር አንድ ግቢ ተከራይታ ነው የምትኖረው፤ አከራያቸው ቃል ሲገቡ ሰምታለች። «ምን ላድርግ?» አለችኝ። «መዝገቡን ለእኔ፣ አንቺ ምስክር ሳጥን ውስጥ» አልኳት። ሄዳ መሰከረች። ባለጉዳይዋ እስከ ዛሬ ቤቷ ናት። ይህን ያህል ቀላል ነበር እንዴ? ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።

እሑድ ቴፒ ወረድኩ። አዴ ዘሐራን ገበያው ዳር ሳምቡሳ ሲጠብሱ አገኘኋቸው። አቅፈው ሳሙኝ። ሰላምታው ሳያልቅ ነገርኳቸው፤ አንድም አላስቀረሁም። ዘይቱን ከእሳት አወረዱ።

«ስንቱን ሰው መለስኩ መሰለሽ!» አሉ። «ከቤት ውጡ የተባለ ሁሉ ሲያማክረኝ፣ እነዚያ ተማሪዎች ጋ ሄዳችሁ አትልፉ፣ የሰሙትን እንኳ አይመሰክሩም፣ ሕግ ነው እያልኩ።»

ውሸቴ አንድ ቤት ውስጥ የቀረ መስሎኝ ነበር። ለካ በእሳቸው ንጹሕ አፍ ቴፒን ሲዞር ኖሯል።

ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሱ። «እሱን ተይው። ተነሺ!» ሻርፓቸውን አጣፍተው፣ እጄን ይዘው ከገበያው ጀርባ ወዳለው ሰፈር ወሰዱኝ። ቤቱን ልቀቂ የተባለች አንዲት ሴት ልጇን አዝላ ደጇ ላይ ቆማለች።

«ይቺ ልጅ ዋሽታኝ ነበር» አሏት አዴ ዘሐራ፣ እጄን ሳይለቁ። «አሁን እውነቱን ይዛ መጥታለች። ስሚያት።»

ፊቴ እንደ በርበሬ ቀላ። ተቀምጬ ግን ጠየቅኳት፤ አከራይሽ ሲናገር የሰማ ሰው አለ?

«ጎረቤቴ ሰምታለች» አለች። «ግን ጉዳዬን የምትረዳኝ እሷ ናት፤ የሚረዳ ሰው አይመሰክርም ተባልኩ።»

«ትችላለች» አልኩ።

አዴ ዘሐራ ይቅር አላሉኝም፤ እኔም ደግሜ አልሞከርኩም። የፊታችን እሑድ ግን በጠዋት ነይ ብለውኛል። የምናንኳኳው ደጅ ገና ብዙ ነው።