ሁለት መድኃኒት ለአንድ ዝምታ

ልጄ አልናገር ስትል የሰፈሩ ሰው ሁሉ ተናገረ። አምቦ ውስጥ ልጅሽ አራት ዓመት ሞልቷት «እማ» ካላለች ቤትሽ በምክር ይሞላል። ምክር ደግሞ እንደ ክፉ እንግዳ ነው፤ አንዴ ቁጭ ካለ አይነሳም። አንዷ የቤተ ክርስቲያን ቁልፍ አፏ ላይ አዙሪ አለችኝ። ሌላዋ ፍል ውሃ ውሰጃት፣ ግን ዓርብ ቀን አይሁን አለች። ዓርብ ምን እንዳጠፋ አልነገረችኝም። የባለቤቴ ባልደረባ የሆነ መምህር ደግሞ ልጅቷን ጥቂት ካያት በኋላ «ይሄ ኦቲዝም የሚባለው ነው» አለ። ደስ አለኝ። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ በእኔ ትምህርት ስም የተገኘለት ነገር መድኃኒቱ ሩቅ አይደለም።

ልጄ ዝም ትላለች እንጂ አትቀመጥም። ከነቃች ጀምሮ እስክትተኛ ትሮጣለች። የግቢያችንን በር በሽቦ እናስረዋለን፤ ከበሩ ወዲያ ወደ ነቀምቴ የሚሄደው አስፋልት ነው፣ አይሱዙውም ባጃጁም ለማንም አይቆምም። ሽቦው ከላላ ልጄን የማገኛት ወይ አስፋልቱ ዳር ነው፣ ወይ ጎረቤታችን ሱቅ ውስጥ። ባለሱቋ የስልጤ ሴት ናት። ልጄ ገብታ ብስኩቱን ከመደርደሪያው ላይ አንድ በአንድ ትጥለዋለች። አትበላውም፤ ሲወድቅ የሚያሰማውን ድምፅ ነው የምትወደው። እኔ በእፍረት እሞታለሁ፣ ባለሱቋ ግን መልሳ እየደረደረች «ተያት ወላሂ፣ እሷ ባትኖር አቧራውን ማን ያራግፍልኝ ነበር?» ትላለች።

ኮሮና ከመምጣቱ በፊት በነበረው ክረምት የልጄን ራስ ቆረቆር ያዘው። ጠጉሯ እየተነቀለ እዚህም እዚያም ሳንቲም ሳንቲም የሚያክል ባዶ ሆነ። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ሐኪሙ አየና «ፈንገስ ነው» አለ። «ከጠጉሩ ሥር ስለገባ ቅባት ብቻውን አያጠፋውም፣ ኪኒን አዝዤላታለሁ። ከምግብ ጋር ስጫት። ሲያልቅ ይዘሻት ተመለሺ፣ ደሟን እናያለን።» እሺ ብዬ ወጣሁ። ልጄ ከዳቦ ቅርፊትና ከማር በቀር የምትበላው የላትም፤ ስለዚህ ኪኒኑን ፈጭቼ በማር ለውሼ ቅርፊቱ ላይ እቀባለሁ። ጠጉሯ ማቆጥቆጥ ጀመረ።

እዚህ ላይ ብንቆም ኖሮ የምጽፈው ነገር አልነበረኝም። አዲስ አበባ ያለችው የባለቤቴ እህት ግን በስልክ ቪዲዮ ላከችልኝ። ነጭ ጋዋን የለበሰች ሴት ናት፣ ከጀርባዋ መጽሐፍ ተደርድሯል። «ኦቲዝም የሚባለው በልጁ ሆድ ውስጥ የተራባ ፈንገስ ነው» ትላለች። «ፈንገሱ ሲሞት ልጁ አፉን ይፈታል።» ይህን ያህል መጽሐፍ ያላት ሴት ትዋሻለች ብዬ እንዴት ልጠርጥር? ደግሞስ መድኃኒቱ እጄ ላይ አልነበረም ወይ? እግዚአብሔር በራሷ በኩል አድርጎ ወደ ሆዷ መንገድ አሳየኝ አልኩ። ኪኒኑ ሲያልቅ ወደ ጤና ጣቢያ አልተመለስኩም። እህትየው ያንኑ ኪኒን ገዝታ በአውቶቡስ ሾፌር እጅ በጥቁር ፌስታል ላከችልኝ፣ እኔም በማር መለወሱን ቀጠልኩ። ሐኪሙ ለራሷ ያዘዘውን እኔ ለሆዷ አራዘምኩት።

ይህን ለአማቴ፣ ለባለቤቴ እናት፣ አልነገርኳቸውም። አማቴ ከጄልዱ፣ ከጎጆ ከተማ ናቸው፤ ክረምቱን ከእኛ ጋር ሊከርሙ መጥተዋል። የሐኪም ኪኒን ደም ያደርቃል የሚሉ ሰው ናቸውና እርሳቸው ሲጸልዩ ጠብቄ ነው የምፈጨው።

እርሳቸውም ለእኔ ያልነገሩኝ ነበራቸው። ከጎጆ ሲመጡ ካመጡልን ድንች ጋር አንድ ችግኝ በቆርቆሮ ይዘው መጥተው ጓሮ ተከሉት። ምንድን ነው ስላቸው «ለዓይን ደስ ይላል» አሉኝ። ቅጠሉ ለዓይን ደስ የሚልበት ምንም ነገር አልነበረውም። ለካ መድኃኒት ኖሯል። መድኃኒቱ ደግሞ ሕግ አለው። አንደኛው ሕግ፣ ቅጠሉ ወንዝ ከተሻገረ ይረክሳል። በጎጆና በአምቦ መካከል ወንዝ ሞልቷል፤ አማቴ ግን ከነአፈሩ፣ በነጠላ ሸፍነው አሻገሩት። «ከአፈሩ እስካልተለየ መሻገሩን አያውቅም» አሉኝ በኋላ ስጠይቃቸው። ሁለተኛው ሕግ፣ ስሙ አይነገርም። አባታቸው ሲሞቱ ከልጆቻቸው ሁሉ ለእርሳቸው ብቻ በጆሯቸው የነገሯቸው ነው፤ ለሌላ ሰው ከተነገረ ኃይሉ ይሄዳል። ሦስተኛው፣ በሽተኛው ጎህ ሳይቀድ፣ ሰው ሳያናግር መጠጣት አለበት። በዚህ በሦስተኛው ሕግ እንኳ ልጄን የመሰለ በሽተኛ ከየት ይገኛል?

አማቴ የቅጠሉን ጭማቂ የሚሰጧት በአምቦ ውሃ ነበር። ልጄ ሌላ ውሃ አትጠጣም፤ ጠርሙሱን መጀመሪያ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ሲንጫጫ ትሰማዋለች፣ ከዚያ ትጠጣለች። እኔ ማታ በማር፣ እርሳቸው ማለዳ በአምቦ ውሃ። በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ሐኪም ሆነን አንዳችን የሌላችንን መድኃኒት አናውቅም።

አንድ ሳምንት ልጄ ተቀመጠች።

እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፣ ተቀመጠች! በር ላይ ባለችው ዱካ ላይ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ቁጭ። ባለቤቴ እራቱን ልጅቷ እግር ካወጣች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይነሳ በልቶ ጨረሰና «ቤቱ ቤት መሰለ» አለ። ጎረቤቶች እየመጡ አዩዋት። ቁልፍ አዙሪ ያለችኝ ሴት «አዞርሽላት አይደል?» አለችኝ። አላዞርኩም፣ ግን ምስጋና አይጠላምና ዝም አልኩ። ለባለቤቴ እህት ደወልኩላት። «አላልኩሽም! ሆዷ እየጸዳ ነው፣ አሁን የቀረው ቃል ነው!» ብላ ስልኩ ውስጥ እልል አለች። አማቴ ልጅቷን አሻግረው እያዩ ብቻቸውን ፈገግ ይላሉ። እኔም ብቻዬን ፈገግ እላለሁ። የበሩን ሽቦ ማሰር ተውን።

በዚህ መካከል ባለሱቋ መጣች።

«ልጄ የት አለች?»

«ተመስገን፣ ተቀምጣልሻለች።»

«ስንት ቀን ሆነ ሱቄ ሳትመጣ። አሟታል እንዴ?»

«ምን በወጣት! ዳነች እንጂ። አታይም እንዴ እንዴት እንደሰከነች?»

ባለሱቋ ከመቀነቷ አንድ እሽግ ብስኩት አወጣችና ልጄ እግር ሥር ጣለችው። ጧ አለ። ልጄ ዞር ብላ አላየችውም። ባለሱቋ አንስታ ደግማ ጣለችው። ልጄ ዓይኗን ጨፈነች።

«እቴ» አለችኝ፣ ድምፅዋ ተለውጧል፣ «ይሄ መዳን አይደለም።» ልጄን አቅፋ ወደ ብርሃን አወጣቻትና የዓይኗን ቆብ ገለጠች። «ነይ እዪ።»

የዓይኗ ነጩ ቢጫ ሆኗል።

እናት ሆኜ ያንን ቢጫ ሳላይ ሰው እስኪያሳየኝ መቆየቴ ዛሬም ይገርመኛል። ደስታ ለካ እንደዚህ ያሳውራል። ባለሱቋ ሱቋን እንኳ ሳትዘጋ ባጃጅ አስቆመች። አማቴ ጫማቸውን ሳያደርጉ ተከትለውን ገቡ።

ሆስፒታሉ ተራ የያዘ ሰው ሞልቶት ነበር። ዶክተሩ ወጣት ነው፣ ኦሮምኛውንም አማርኛውንም እያፈራረቀ ያወራል። ልጄን ዳበሳት፣ ዓይኗን አየ፣ ደም አስወሰደ። ውጤቱን ይዞ ሲመለስ ፊቱ ጠቁሯል።

«ጉበቷ ተጎድቷል። ምን ስትወስድ ነበር?»

ፌስታሉን አወጣሁ። ኪኒኑን አየና «ይሄን ማን አዘዘው? እስከ መቼ?» አለኝ። ስለ ራሷም፣ ስለ ሆዷም፣ ስለ ቪዲዮውም ነገርኩት። አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

«ይሄ ኪኒን ጉበት ሊጎዳ ይችላል፤ ደሟ ይታይ የተባለው ለዚህ ነበር። ግን ይህን ያህል… ሌላ የሰጣችኋት ነገር አለ? የባህል መድኃኒት?»

«የለም!» አልኩ ከልቤ። «ማርያምን፣ ሌላ ምንም የለም!»

አማቴ የወለሉን ሲሚንቶ ያያሉ።

ዶክተሩ ገባው መሰል ወደ እርሳቸው ዞረ። «አዮ» አላቸው፣ እናት እንደማለት ነው፤ ከዚያ በኦሮምኛ ቀስ ብሎ ጠየቃቸው።

«ቅጠል አለ» አሉ አማቴ በመጨረሻ።

ላፈጥባቸው ብዬ ቀና ስል ፌስታሉ አሁንም እጄ ላይ ነው።

«ምን ቅጠል ነው?»

«ስሙ አይነገርም።»

«ምን እንደጠጣች ካላወቅሁ በጭፍን ነው የማክማት።»

«ከተናገርኩት ይሞታል።»

«ምኑ?»

«መድኃኒቱ።»

ዶክተሩ ልጄን አየ። «አዮ፣ አንዱ መሞቱ ካልቀረ ቅጠሉ ይሙት» አላቸው።

አማቴ በሕይወታቸው ስንት ልጅ በዚያ ቅጠል እንዳከሙ እርሳቸው ያውቃሉ። ጎጆ ላይ ሰው በሌሊት በር የሚያንኳኳባቸው፣ በሰርግም በለቅሶም ከፊት የሚያስቀምጣቸው በእርሱ ነው። ለገዛ ወንድሞቻቸው፣ ለልጃቸው፣ ለባለቤቴ እንኳ አልተነፈሱትም። ወደ ዶክተሩ ጠጋ ብለው በሹክሹክታ ተናገሩት።

በዚያች ደቂቃ ከኋላችን አንድ ሕፃን መርፌ ተወጋና ጮኸ።

«አልሰማሁም አዮ፣ ጮክ ይበሉልኝ።»

አማቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ጮክ ብለው ተናገሩት። ኮሪደሩ ሁሉ ሰማ። ከተሰለፉት አንዷ፣ ከሸነን ገጠር የመጣች ሴት ናት፣ አንገቷን አሰገገችና «እሱ ነው እንዴ? እኛ ጋ አጥሩ ሁሉ እሱ አይደል! በሬ ሲነፋው እንሰጠዋለን» አለች።

«ለበሬ!» አሉ አማቴ።

«አዎ፣ ለበሬ። ለልጅስ እንጃ።»

ሌላ ቀን ቢሆን ሆዴን ይዤ እስቅ ነበር። አማቴ አግዳሚው ወንበር ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ፣ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። የቅጠሉን ስም እዚህ አልጽፈውም። የሸነን አጥር ሁሉ ያውቀው ይሆናል፣ እኔ ግን አማቴ የከፈሉበትን አይቻለሁ።

ኪኒኑም ቅጠሉም ቆመ። ልጄን አስተኟት፣ እጇ ላይ ግሉኮስ ሰኩላት። ያ መርፌ ሲገባ እንኳ አልታገለችም። እኔ አልጋው ሥር ካርቶን አንጥፌ ተቀመጥኩ። ሁልጊዜ ስትሮጥብኝ «ጌታዬ፣ ምነው ለአንድ አፍታ ብታስቀምጥልኝ» ብዬ የለመንኩት አምላክ ሰምቶኛል። የተሰማን ጸሎት እንዴት ወደ ኋላ እንደሚመልሱት ማን ያስተምረኝ? ጠጉሯን ዳበስኩት፣ እንደ ሐር ሆኖ በቅሏል። ኪኒኑ ለዚህ ብቻ ነበር እኮ የታዘዘው።

ዶክተሩ ሲመጣ ጠየቅሁት። «ሆዷ ውስጥ ያለው ፈንገስስ?»

«ፈንገሱ ራሷ ላይ ነበር፣ እሱም ድኗል። ኦቲዝም በፈንገስ የሚመጣ፣ በኪኒንም ሆነ በቅጠል የሚወጣ ነገር አይደለም። አፈጣጠሯ ነው።»

«ታዲያ ከምን መጣ?»

«አላውቅም» አለኝ። «ጠቅልሎ የሚያውቀው ሰው ያለም አይመስለኝም።»

በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ከቁልፏ ሴት እስከ ቪዲዮዋ ሴት «አላውቅም» ያለኝ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነው። ያመንኩትም እርሱን ነው።

«ምን ይሻላታል ታዲያ?»

«ትዕግሥት። እንደ እሷ ላሉ ልጆች የሚሆን ትምህርት። ሥዕል እያሳዩ የሚያግባቡ አስተማሪዎች አሉ።»

«እዚህ አምቦ አሉ?»

«እሱንም አላውቅም» አለና እንደ ማፈር ብሎ ሳቀ። «ግን እጠይቅልሻለሁ።»

አማቴ ቀኑን ሙሉ ከአልጋው ማዶ ይቀመጣሉ። አንድ ጊዜ ብቻ «አንቺስ ለምን ደበቅሽኝ?» አሉኝ። «እርስዎስ?» አልኩ። «የእኔው ሕግ አለበት» አሉ። «የእኔውም የእርስዎ ቁጣ አለበት» አልኩ። ሁለታችንም ወደ ልጅቷ ዞርን። ዓይኗ ውስጥ ያለውን ቢጫ በየጠዋቱ በተራ እናየዋለን። እርሳቸው ቀንሷል ሲሉ እኔ አልቀነሰም እላለሁ፣ እኔ ቀንሷል ስል እርሳቸው «አትቸኩይ ኢንተላ ኮ» ይላሉ። ልጄ ሆይ ማለታቸው ነው፤ ከዚያ በፊት እንዲህ ብለውኝ አያውቁም።

አንድ ጠዋት ግሉኮሱ ተነቅሎላት ነበር። እኔ ፊቴን ልታጠብ ወጣ ብያለሁ። ኮሪደሩ ላይ የብረት ሳህን ሲወድቅ ሰማሁ፣ ቀጥሎ ሌላ፣ ቀጥሎ ሌላ። ከዚያ የባዶ እግር ድምፅ። ልጄ በሆስፒታል ሸሚዝ፣ ኮሪደሩን አጋምሳ፣ ወደ ዋናው በር። ከኋላዋ አማቴ ዱላቸውን ጥለው በኦሮምኛ እየጮኹ።

«ያዟት! አስፋልት ነው ውጪው!» አልኩ።

አንዲት ነርስ በሩ ላይ ተገትራ አቀፈቻት። ልጄ ሰው ሲይዛት አትወድም፤ ክንዷን ነከሰቻት። ነርሷ «ዋይ!» ብላ ደርሰው ለያዟት ለአማቴ ለቀቀቻትና የጥርሱን ምልክት እያየች ወደ እኔ ዞረች።

«እናቷ ነሽ?»

«አዎ፣ እቴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ልጄ…»

«ድናለች» አለች ነርሷ ክንዷን እያሸች። «ዛሬውኑ ውሰጅልን።»