ለእንግዳ የተቀመጠው ሪሞት

ባለቤቴ ከመታመሙ በፊት በነበረው እሑድ፣ ካዛንቺስ ቤታችን ሶፋው ላይ ተቀምጠን ዜና እናይ ነበር። የሪሞቱን ላስቲክ እንዳይቀድ ስለከለከልኩት፣ ድምፅ በጨመረ ቁጥር ቁልፉን በአውራ ጣቱ አጥብቆ ይጫናል።

«አንቺ፣ ልቅደደው በቃ። ጣቴ አለቀ እኮ።»

«ተወው፣ ያረጃል።»

«እኛ አረጀንለት» ብሎ ሳቀ።

ትናንት ላስቲኩን ስቀድ የአዲስ ዕቃ ሽታ ወጣና ልጅነቴ መጣብኝ። አባባ የመጀመሪያውን ቴሌቪዥናችንን በታክሲ ጭነው ያመጡ ቀን ቤቱ ይህንኑ ይሸት ነበር። የቴሌቪዥኑን ላስቲክ በጥፍሬ መላጥ ስጀምር እጄን ያዙኝ።

«ተዪ ልጄ። እንግዳ ሲመጣ አዲስ ሆኖ ይጠብቀው።»

እኔም በትዳሬ ሁሉ ዕቃ ለእንግዳ ሳስቀምጥ ኖርኩ። እንግዳ ቤቴን የሞላው ግን ለባለቤቴ ለቅሶ ነው። በሐዘን ቤት ቴሌቪዥን ስለማይከፈት፣ ጎረቤቶች ነጠላ አልብሰውት ነበር። ሪሞቱ ከነላስቲኩ መሳቢያ ውስጥ ነበር፤ ማንም አላየውም።

አሁን ቁልፎቹ ገና ሲነኩ ይሠራሉ። ቻናል እየቀያየርኩ ብቻዬን እቀመጣለሁ።